ኃይልና ኢነርጂ፦ ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ የኢነርጂ ቁጠባ ስያሜዎች

የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአገራችን በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ፣ ከመሣሪያው ጋር አብሮት የገባው ቃል ብዙ ነው። ሕዝቡ «ሞባይል»፣ «ኔትወርክ»፣ «ቻርጅ» የሚሉትን ከውጭ ተቀብሎ፣ ቀድሞ ለቤት ስልክ ያዋለውን «ቀፎ» ደግሞ ወደ አዲሱ መሣሪያ አሸጋግሮ ይሠራባቸዋል። ለተጠቃሚው ይህ ይበቃዋል። የመሣሪያ መመሪያ ለሚተረጉም፣ ለቴክኒክ ተማሪዎች መጽሐፍ ለሚያዘጋጅና ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ግን አይበቃም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጠባብ የሙያ መስክ ወስዶ፣ ማለትም የተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ የሚፈጀውን ኢነርጂ የመቀነስን ዘዴ መርምሮ፣ በመስኩ የሚያስፈልጉትን ዋና ዋና ስያሜዎች ማቅረብ ነው። መስኩ የተመረጠው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከኤሌክትሪክ መሥመር ርቀው የተተከሉ ጣቢያዎች በናፍጣ ጄኔሬተር፣ በባትሪና በፀሐይ ብርሃን ስለሚሠሩ፣ ቁጠባ ለእኛ የወጪ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ መስክ የሚደረግ የቃል ስሕተት የአነጋገር ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መመሪያውን አንብቦ መሣሪያውን የሚያስተካክለውን ባለሙያ እጅ ያሳስታል።

1. ኢነርጂው የሚሄደው ወዴት ነው?

ስያሜ ከመፈለግ በፊት የነገሩን አሠራር ማወቅ ይገባል። አንድ ኔትወርክ ከሚፈጀው ኢነርጂ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስዱት በየአካባቢው የተተከሉት ጣቢያዎች ናቸው። ሰው ከሩቅ የሚያየው ማማውን ነው፤ ስለዚህም «ታወር» ወይም «አንቴና» እያለ ይጠራዋል። ይሁንና ማማው ብረት ነው፤ ምንም አይፈጅም። የሚፈጀው በላዩና በሥሩ ያለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሞገዱ ወደ አንቴናው ከመሄዱ በፊት የሚያጎላው ክፍል፣ ማለትም የኃይል ማጉያው ነው።

ማጉያው ከገባለት ኤሌክትሪክ ከፊሉን ወደ ሞገድ ይለውጣል፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሙቀቱንም ለማውጣት ማራገቢያ ወይም ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ እርሱም በበኩሉ ይፈጃል። ማጉያ ከሁሉ ይልቅ የሚበቃው ሙሉ አቅሙን አሟጦ ሲሠራ ነው። ነገር ግን የአራተኛውና የአምስተኛው ትውልድ ምልክቶች በቅጽበት ከፍና ዝቅ የሚሉ በመሆናቸው፣ ማጉያው አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉ አቅሙ በታች ይሠራል፤ ብክነቱም ይጨምራል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልያም ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሬዲዮ ማሠራጫዎች ያቀረበው መላ ሁለት ማጉያዎችን ማጣመር ነበር፤ አንደኛው ዘወትር ይሠራል፣ ሁለተኛው ምልክቱ ከፍ ሲል ብቻ ያግዘዋል። ይህ ዘዴ ዛሬም በተንቀሳቃሽ ስልክ ጣቢያዎች ውስጥ ይሠራበታል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ጣቢያው አንድም ሰው ሳይጠቀምበት ሲቀር እንኳ መፍጀቱን የማያቆም መሆኑ ነው። ቀጠናው እንዲታወቅ ምልክት ይልካል፤ ጠሪ ይመጣ እንደ ሆነ ያደምጣል፤ መሣሪያዎቹም ሞቀው ይጠብቃሉ። ስለዚህ የሚላከውን ሞገድ ማሳነስ ብቻውን ትልቅ ቁጠባ አያስገኝም፤ የሚበጀው ሥራ በሌለበት ጊዜ የመሣሪያውን ክፍሎች ማስተኛት ነው። የመስኩ ሊቃውንት ያለፉትን ዓመታት የደከሙበት አብዛኛው ነገር ይኸው የማስተኛት ጥበብ ነው።

2. አንድ ቃል ለሁለት መለኪያ

ዋናው የስያሜ ችግር እዚህ ላይ ይነሣል። «ኃይል» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሸክም ተሸክሟል። የጦር ሠራዊት ኃይል ነው፤ ነገርን የሚገፋና የሚስብ ኃይል ነው፤ «የኤሌክትሪክ ኃይል»፣ «የፀሐይ ኃይል»፣ «ታዳሽ ኃይል» እንላለን። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ጉዳት የለውም። በተያዝነው መስክ ግን ሁለት የተለያዩ መጠኖች አሉ። አንደኛው በአንድ ቅጽበት የሚወሰደው መጠን ሲሆን በዋት ይለካል። ሁለተኛው በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመው ድምር ሲሆን በጁል ወይም በዋት-ሰዓት ይለካል። የመጀመሪያው ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ፍጥነት ነው ብንል፣ ሁለተኛው በእንስራው ውስጥ የሞላው ውሃ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንይ። አንድ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ 500 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 12,000 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ሌላው ጣቢያ ያንኑ ሥራ በ6 ሰዓት አጠናቅቆ በቀሪው 18 ሰዓት ይተኛል እንበል፤ ሲሠራ 1,000 ዋት፣ ሲተኛ 100 ዋት ቢወስድ ድምሩ 7,800 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛው በሥራው ሰዓት እጥፍ ይወስዳል፤ በቀኑ መጨረሻ ግን ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ፈጅቷል። አሁን ይህን «ኃይል» በሚለው አንድ ቃል እንግለጸው፦ «ሁለተኛው ጣቢያ ከፍተኛ ኃይል ስለሚጠቀም ኃይል ይቆጥባል።» ዐረፍተ ነገሩ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። አንባቢ ስሕተቱን የሕትመት ስሕተት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

ከዚህ የከፋም አለ። አንድ መመሪያ «ሌሊት ኃይል ይቀነስ» ቢል፣ ባለሙያው የሚላከውን ሞገድ ማሳነስ እንዳለበት ሊረዳው ይችላል፤ ደራሲው ያሰበው ግን ፍጆታው እንዲቀንስ ክፍሎቹ እንዲተኙ ነው። ሞገዱ ሲያንስ ሽፋኑ ይጠብባል፤ በቀጠናው ዳር ያለ ሰው ወይ ያለ አገልግሎት ይቀራል፣ ወይ ከራቀ ጣቢያ ጋር ይገናኛል። ከራቀ ጣቢያ ጋር የተገናኘ ቀፎ አበርትቶ መላክ አለበትና ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በሌለበት መንደር ቀፎውን በክፍያ ለሚያስሞላ ገበሬ ይህ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። እንግዲህ በአንድ ቃል አሻሚነት የተነሣ የኔትወርኩ ቁጠባ የተጠቃሚው ዕዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለመፍትሔው ሦስት መንገዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው «ኃይል»ን ለዋት፣ «ጉልበት»ን ለጁል መስጠት ነው። ቃሉ የራሳችን ስለ ሆነ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በመኪናና በሞተር ነጋዴው ዘንድ «የፈረስ ጉልበት» የሚለው ሐረግ ከተተከለ ቆይቷል፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነውና፣ «ጉልበት» እዚያ ላይ የዋት ወገን ነው። ስለዚህ አሻሚነቱን ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እናዛውረው እንደ ሆነ እንጂ አናስወግደውም። ሁለተኛው መንገድ «አቅም»ን ለዋት፣ «ኃይል»ን ለጁል ማዋል ነው። ይህም እንቅፋት አለው፤ በኔትወርክ ሙያ «አቅም» ማለት ጣቢያው በአንድ ጊዜ ሊያስተናግድ የሚችለው የተጠቃሚና የመረጃ ብዛት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ይጋጫሉ። ሦስተኛው መንገድ «ኃይል»ን ለዋት ብቻ አጥብቦ፣ ለጁል «ኢነርጂ» የሚለውን ውሰት ቃል መቀበል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሦስተኛውን ይመርጣል። ውሰት ቃል ያለ ችግር አይወሰድም፤ እዚህ ግን ችግሩ አለ። ቃሉም እንግዳ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. እንደ አዲስ በተዋቀረው የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር መጠሪያ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መጠሪያ ውስጥ «ኃይል» ቦታውን ይዟል። «ታዳሽ ኃይል»ን የመሰሉ የተለመዱ ሐረጎች በጋዜጣና በንግግር እንዳሉ ቢኖሩ ክፉ አይደለም፤ መለኪያ በሚጠቀስበት የሙያ ጽሑፍ ግን መለየቱ ግዴታ ይሁን። የላይኛው ዐረፍተ ነገርም እንዲህ ይቃናል፦ «ሁለተኛው ጣቢያ በከፍተኛ ኃይል ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ስለሚተኛ ኢነርጂ ይቆጥባል።»

3. ሸለብታና እንቅልፍ

የማስተኛት ደረጃዎችን ለመሰየም አማርኛ ድኻ አይደለም። መሣሪያው የሚያርፍበት ጊዜ ከሚሊሰከንድ ክፋይ እስከ ብዙ ሰዓታት ይደርሳል። እረፍቱ በረዘመ ቁጥር ብዙ ክፍሎች ሊዘጉ ይችላሉ፤ ቁጠባውም ይበዛል፤ ነገር ግን ለመንቃት የሚወስደው ጊዜ እንዲሁ ይረዝማል። የሰው እንቅልፍም እንዲሁ ነው። ሸለብ ያደረገው ሰው በሹክሹክታ ይነቃል፤ ድብን ብሎ የተኛው ግን ተነቅንቆ ነው።

ስለዚህ ማጉያው በሁለት ምልክቶች መካከል ለቅጽበት የሚዘጋበትን «ሸለብታ»፣ ተጨማሪ ክፍሎች ተዘግተው ቶሎ የሚነቁበትን «ቀላል እንቅልፍ»፣ አብዛኛው መሣሪያ የሚዘጋበትን ደግሞ «ከባድ እንቅልፍ» ማለት ይቻላል። «ማንቀላፋት» የሚለው ግስ ግን ለሙያ ቃልነት አይመረጥም፤ በመንፈሳዊ አነጋገርና በሐዘን መግለጫ «አንቀላፋ» የተባለ ሰው የሚነቃው በትንሣኤ ነው፤ ጣቢያው ግን ንጋት ላይ ሥራ መግባት አለበት። «ማጥፋት»ም እንዲሁ ይታለፍ፤ «ኔትወርክ ጠፋ» በሕዝቡ ዘንድ የብልሽት ስም ነውና፣ ታስቦ የተደረገን ነገር በብልሽት ስም መጥራት ሐሜትን መጋበዝ ነው።

የእንቅልፉ ርዝመት የሚወሰነው በጣቢያው ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓቱ ባዘዘው የምልክት ድግግሞሽም ጭምር ነው። በአራተኛው ትውልድ ሥርዓት ጣቢያው ተጠቃሚ ኖረም አልኖረም በየአንዷ ሚሊሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ የማመሳከሪያ ምልክት እንዲልክ ይገደዳል፤ ስለዚህ ከሸለብታ በላይ አይቀናውም። አምስተኛው ትውልድ ሲነደፍ ይህ ተለወጠ። ቀፎ ኔትወርኩን የሚያገኝበት መሠረታዊ ምልክት በተለመደው አሠራር በየ20 ሚሊሰከንዱ ይላካል፤ እስከ 160 ሚሊሰከንድም ሊራራቅ ይችላል። በምልክቶቹ መካከል ያለው ጸጥታ ለእንቅልፍ የሚበቃ ሆነ።

4. ፈረቃ ወይስ መቆራረጥ?

ቀፎም ይተኛል። ጥሪ በማይኖርበት ጊዜ ተቀባዩን ዘግቶ፣ በተወሰነ ልክ እየነቃ «የሚፈልገኝ አለን?» ብሎ አድምጦ ይተኛል። ለዚህ አሠራር በቀጥታ የተተረጎመ «የተቆራረጠ ቅበላ» የሚል አቻ ይሰማል። ይህ ስያሜ በሁለት ነገር ይነቀፋል። አንደኛ፣ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» የሚለው የደንበኛ አቤቱታ ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ መቆራረጥ ድንገተኛ ነው፤ ይህ አሠራር ግን በውል የታሰረ ነው፤ ቀፎው መቼ እንደሚነቃ ኔትወርኩ ያውቃል፤ የፍለጋ ጥሪውንም የሚልከው በዚያችው ሰዓት ነው።

ይህን የውል ሰዓት የሚገልጽ ቃል አለን፤ «ፈረቃ» ነው። በትምህርት ቤትና በፋብሪካ ዘንድ የታወቀ፣ ተራና ሰዓት የተቈረጠለት መሆኑን የሚያመለክት ቃል ነው። «የመብራት ፈረቃ» ያስከተለው ትዝታ መልካም አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም እዚያም ቢሆን ቃሉ ያመለከተው እጥረቱን ሳይሆን የተራውን ሥርዓት ነው። ስለዚህ «ፈረቃዊ ቅበላ» ለቀፎው፣ «ፈረቃዊ ስርጭት» ለጣቢያው ይሁን። የዓለም አቀፉ የደረጃ አውጪ ጥምረት፣ ስሪ ጂ ፒ ፒ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ባጠናቀቀው 18ኛው እትሙ ጣቢያዎችም እንደ ቀፎ በፈረቃ እንዲልኩና እንዲቀበሉ ፈቅዷልና፣ ሁለቱ ስያሜዎች ጥንድ ሆነው መቅረባቸው ተገቢ ነው።

ፈረቃው እጅግ ሲራራቅ «የተራዘመ ፈረቃዊ ቅበላ» ይባላል። እንደ ውሃ ቆጣሪ ላሉ፣ መረጃ በጥቂቱ ለሚልኩ መሣሪያዎች በተዘጋጀው ጠባብ ሞገድ ሥርዓት አንዱ ፈረቃ ወደ 3 ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ባትሪው ዓመታት ይቆያል፤ ነገር ግን ፈረቃው እስኪደርስ ድረስ መሣሪያውን የሚያገኘው የለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ስያሜ አለ። በሁለተኛው ትውልድ ሥርዓት ተናጋሪው ዝም ሲል ቀፎው ዝምታውን ለይቶ መላክ ያቆማል። ይሁንና መስመሩ ፈጽሞ ጸጥ ካለ አድማጩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ! ሃሎ!» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የአድማጩ ቀፎ ራሱ ቀጭን የመስመር ድምፅ እየፈጠረ ያሰማዋል። ቃል በቃል «የማጽናኛ ድምፅ» ቢባል ሐሳቡ ወደ ልቅሶ ቤት ይሄዳል። ድምፁ የሚናገረው ግን አንድ ነገር ነው፤ «አለሁ» ይላል። ስለዚህ «የአለሁ ድምፅ» የሚለው ስያሜ ቀርቧል።

5. ቁጠባና ብቃት

«የኢነርጂ ቁጠባ» እና «የኢነርጂ ብቃት» በብዙ ትርጉሞች ውስጥ እየተተካኩ ይገኛሉ። አንድ አይደሉም። ቁጠባ የፍጆታው ድምር መቀነስ ነው። ብቃት ደግሞ ንጽጽር ነው፤ በአንድ ጁል ስንት ቢት መረጃ ተላከ የሚል ነው። የአምስተኛው ትውልድ ጣቢያ በአንድ ጁል የሚልከው መረጃ ከአራተኛው ይበልጣል፤ ማለትም ብቃቱ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ብዙ ማጉያዎችን በአንድ ላይ ስለሚያሠራና የሚላከው መረጃም ስለሚበዛ፣ የሚፈጀው ድምር ከቀድሞው ሊበልጥ ይችላል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ባሳተመው መጽሐፍ ያመለከተው ይህንኑ ነበር፤ የእንፋሎት ሞተር እየበቃ በሄደ ቁጥር የከሰሉ ፍጆታ እንደሚጨምር አስገንዝቧል። ተርጓሚ ሁለቱን ቃላት ቢያቀላቅል፣ «ብቃቱ ጨመረ» የሚል ሪፖርት «ፍጆታው ቀነሰ» ተብሎ ይነበባል፤ ይህም ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ «ቅልጥፍና» እና «ውጤታማነት» የሚሉም ቀርበዋል። «ቅልጥፍና» ፍጥነትን ያስታውሳል፤ ፈጣን ኔትወርክ ሁሉ ግን ቆጣቢ አይደለም። «ውጤታማነት» የታሰበው ግብ መድረሱን እንጂ በምን ያህል ወጪ እንደ ተደረሰ አይነግርም። ስለዚህ «ብቃት» ይሻላል።

«ቁጠባ» በበኩሉ ባለቤቱ ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም። ቀደም ብሎ እንደ ታየው ቅርቡ ጣቢያ ሲተኛ ቀፎው ወደ ሩቁ አበርትቶ ይልካል። ስለዚህ «የኔትወርክ ኢነርጂ ቁጠባ» እና «የቀፎ ኢነርጂ ቁጠባ» ተለይተው ይጻፉ።

6. ስለ «ትራፊክ»፣ «ጣቢያ» እና «ሴል»

«ትራፊክ ሲቀንስ ጣቢያው ይተኛል» የሚል ትርጉም ቢቀርብ፣ የአዲስ አበባ አንባቢ የመንገድ ፖሊሶች ቁጥር ማነሱንና የፖሊስ ጣቢያው ማንቀላፋቱን ይረዳል። «ትራፊክ» በአማርኛ ከሁሉ በፊት ሰውየው ነው። ስለዚህ በመስመሩ ለሚያልፈው የመረጃ ብዛት «የመረጃ ጭነት»፣ ለመሣሪያውም ሳይታጠር «የሞባይል ጣቢያ» ይባል። «ሴል» ደግሞ የባትሪ ክፍል ስም ሆኖ በዚሁ መስክ ውስጥ አለ፤ አንዱ ጣቢያ በሞገዱ የሚሸፍነውን መሬት «ቀጠና» ብንለው ሁለቱ አይምታቱም።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

ኃይል፦ በአንድ ቅጽበት የሚወሰድ ወይም የሚላክ መጠን፤ መለኪያው ዋት ነው።
ኢነርጂ፦ ኃይል በጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ድምር፤ መለኪያው ጁል ወይም ዋት-ሰዓት ነው።
የኢነርጂ ፍጆታ፦ መሣሪያው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የወሰደው ኢነርጂ።
የኢነርጂ ቁጠባ፦ የፍጆታ ድምር መቀነስ፤ የኔትወርክ ወይም የቀፎ ተብሎ ይለያል።
የኢነርጂ ብቃት፦ በአንድ ጁል የተላከ መረጃ መጠን፤ መለኪያው ቢት በጁል ነው።
የኃይል ማጉያ፦ ሞገድን ከመሠራጨቱ በፊት የሚያጎላ ክፍል።
ሸለብታ፣ ቀላል እንቅልፍ፣ ከባድ እንቅልፍ፦ የመሣሪያ ክፍሎች የሚዘጉባቸው ሦስት ደረጃዎች።
ፈረቃዊ ቅበላ፣ ፈረቃዊ ስርጭት፦ በታወቀ ሰዓት እየነቁ መቀበል፣ መላክ።
የፍለጋ ጥሪ፦ ኔትወርኩ የተኛን ቀፎ የሚፈልግበት ምልክት።
የአለሁ ድምፅ፦ በዝምታ ጊዜ መስመሩ መኖሩን የሚያሳውቅ ድምፅ።
የመረጃ ጭነት፣ የሞባይል ጣቢያ፣ ቀጠና፦ ከላይ እንደ ተብራሩት።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። ተርጓሚዎችና የመስኩ ባለሙያዎች በሥራ ላይ አውለው እንዲፈትኗቸው ይጠየቃሉ። ፈተናው አስቸጋሪ አይደለም፤ ስያሜው የገባበት መመሪያ ጣቢያው ዘንድ ላለው ባለሙያ ይነበብለትና ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ። የሚዘጋውን ክፍል ለይቶ ካሳየ ስያሜው ሠርቷል። ሞገዱን አሳንሳለሁ ካለ ግን ቃሉን መልሰን መመርመር የእኛ ፈንታ ነው።